በፎርም የሞተችው እህት

«በር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች፤ የእርስዎ እህት ነኝ ትላለች» አለች ነርሷ፣ የያዘችውን ወረቀት እያገላበጠች። «ፎርሙ ላይ ግን እህትዎ ሞታለች ይላል። እንግዲህ እናቴ፣ ወይ ሴትዮዋ ዋሽታለች፣ ወይ ፎርሙ።»

ልብስ ሰፊዋ ትራሷን ተደግፋ ነበር። የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሴትዮዋም ፎርሙም አልዋሹም፤ የዋሸችው እሷ ናት። ሆስፒታል የገባች ዕለት የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «እህት ወንድም አለ?» ሲላት፣ እንደ ልማዷ «እህት ነበረችኝ፤ ሞታለች» አለችው። የኩርፊያ ንግግር ነው እንጂ የሞተ ሰው የለም። ሰውዬው ግን ፎርሙ ላይ ኩርፊያ የሚሞላበት ቦታ ስላላገኘ «በሕይወት የለችም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ አለፈ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ እናታቸው ያረፈች ጊዜ ነው። ታናሽየዋ ሩቅ ከተማ ሆቴል ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበርና የደረሰችው ከቀብሩ ማግስት ነው። ልብስ ሰፊዋ ለቀስተኛው ሁሉ ፊት «እኔ የቀበርኩት ሁለት ሰው ነው» ብላ ፊቷን አዞረችባት። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ይህን ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ማንም የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። እናትየው አንደበቷ ሳይዘጋ «ለሚጢጢ አልተቀየምኳትም በያት» ብላ አደራ ሰጥታት ነበር። ሚጢጢ የታናሽየዋ የቤት ስም ነው። አደራው ስድስት ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፊዋ ሆድ ውስጥ ቀረ።

ቀኑ ደግሞ ትንሣኤ ነው። ሠላሳ ዓመት ከመዘምራኑ ጋር ቆማ የዘመረችው ሴት የዘንድሮው አመለጣት። ቅድም ከጎኗ የተኛችው ጡረተኛ መምህርት «እስቲ ለእኛም ትንሽ» ብትላት ጎኗን በእጇ ደግፋ፣ ድንጋዩ እንደተንከባለለና መቃብሩ ባዶ እንደሆነ ቀስ ብላ ዘመረችላቸው። ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። ሩብ ሰዓት እንኳን አልሞላውም፣ አሁን በዚያው አፏ «አላውቃትም፤ ትመለስ» ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«ምን ልበላት?» አለች ነርሷ። «ጥበቃው አላስገባም ብሏል።»

«የመጀመሪያው ትንሣኤም ጥበቃ ነበረው» አለች መምህርቷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ምንም አልፈየደም።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ መጣና የቁስሏ ስፌት ቆነጠጣት። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። እስከዛሬ ስትዘምር መቃብሩ የሩቅ ዘመን መቃብር ይመስላት ነበር፤ ድንጋይ ገጥማ ደጁ ላይ ዘብ የቆመችው እሷ ራሷ መሆኗ አንድም ቀን ታይቷት አያውቅም። አፈረች። እውነቱን ለመናገር ፈራችም። እህቷ ከገባች አደራውን ልትነግራት ነው፤ ከነገረቻት ደግሞ መደበቋ ይወጣል። በተራዋ እሷን ሞታለች ብትላት ማን ይፈርድባታል?

«ትግባ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። እህቴ አለች።»

ሚጢጢ የተባለችው በሩን ሞልታ ገባች፤ ስሙ የወጣላት ድሮ ነው። የእህቷን መታመም ከጎረቤት ሰምታ፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ ነው የመጣችው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አልጋው ግርጌ ቆመች።

«ጥበቃው ሞተሻል ሲለኝ ማን ነገረህ ብዬ ልቆጣው ነበር» አለች። «በኋላ ማን እንደነገረው ገባኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን አሳየቻት። ይቅርታ በምን እንደሚጀመር ጠፋትና በቀጥታ ገባችበት። «እናታችን» አለች፤ ስድስት ዓመት «እናቴ» ስትል ኖራ ቃሉ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እናታችን፣ ለሚጢጢ አልተቀየምኳትም በያት ብላኝ ነበር። ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ሆን ብዬ ነው የደበቅኩሽ።»

ታናሽየዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ስድቡን ጠበቀች፤ ቢመጣም ይገባኛል ብላ ነበር።

«ለምን?»

ምክንያት አይጠፋም። ሐዘን ነው፣ ንዴት ነው፣ ተረስቶኝ ነው ማለት ይቻል ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ውሸት ሰለቻት።

«ሁለት ዓመት አገላበጥኳት፣ አጠብኳት፣ አጎረስኳት። የመጨረሻዋ ቀን ስትጠራ የዋለችው ግን አንቺን ነው። የእኔን ስም አንዴ እንኳን አላነሣችም።» ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ታናሽየዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አንቺማ እጇን ይዘሽ ነበር» አለች። «አጠገቡ ያለውን ማን ይጠራል፣ እትዬ? የሚጠራ የራቀ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ስንት ሌላ ነገር ስታስብ ኖራ ይህችን አላሰበቻትም። አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሳቋ መጣ፤ ስፌቱ ሲያማት ደግሞ «ወይኔ» እያለች ሳቀች። ደረቷ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም። ታናሽየዋ ደንግጣ ትራሱን ስታስተካክልላት እንደ ሕፃን ዝም ብላ ተስተካከለች። መምህርቷ የተኛች መስላ ፈገግ ትላለች።

ነርሷ ተመልሳ መጣች። «የጠያቂ ሰዓት አልቋል» አለች፣ ወደ ታናሽየዋ እያየች። ታናሽየዋ ቦርሳዋን አንሥታ ብድግ ስትል ልብስ ሰፊዋ እጅጌዋን ያዘች።

«ጠያቂ አይደለችም» አለች። «አስታማሚዬ ናት።»