ከጋባዥዎ ጋር ያለዎት ዝምድና

የፈህሚያ ጣቶች ኮምፒውተሩ ላይ ሲሮጡ ቆይተው ድንገት ቆሙ። ስክሪኑን አየች፤ በግራ እጇ የያዘችውን ወረቀት አየች፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ማዶ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ የተቀመጠችውን ምንዳዬን አየች።

"እናቴ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አልገጥም ብሎኛል።"

ምንዳዬ ቅዳሜ ገበያ ብቅልና ጌሾ ስትሸጥ ሃያ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ሚዛን ሲያጋድል ከየት በኩል እንደሆነ ሳይነግሯት ታውቃለች። አሁንም አውቃዋለች፤ ቢሆንም "ምኑ ነው ልጄ?" ብላ ጠየቀች።

ቢሮው ጎንደር ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የፈህሚያ አባት ታች ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷ ላይ ሆና የቪዛ ቅጽ በኢንተርኔት እየሞላች ሰው ወደ ውጭ ትሸኛለች። በየቀኑ የሰው አባትና አያት ስትጽፍ ስለምትውል፣ ሽማግሌ የሚያልፈው ስሕተት እሷን አያመልጣትም።

"ቅጹ ከጋባዥዎ ጋር ያለዎትን ዝምድና ይጠይቃል። የጋበዘችዎት ወለላ አላምረው ናት። እርስዎም ምንዳዬ አላምረው ነዎት። ለእኔ እህቴ ናት ብለውኛል፤ ልክ ነው፣ አባታችሁ አንድ ነው። እሷ ግን ከስዊድን በላከችው ደብዳቤ ላይ እናቴ ብላ ነው የጻፈችው።"

"ምን ብላ?"

"እናቴ።"

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። ምንዳዬ ሦስት ቀን ሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ስትዞር ምን እንደሚል አታውቅም ነበር። እንደ ልማዱ እህቴ የሚል መስሏት ነበር።

"እስቲ አንብቢልኝ፤ በአማርኛ።"

ፈህሚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችና ቀስ ብላ አነበበች። "የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ሰባት ሳምንት ቀርቶኛል። እናቴ ወይዘሮ ምንዳዬ አላምረው ስወልድ ከጎኔ እንድትሆን እፈልጋለሁ።" ከዚያ ቀና ብላ፣ ምናልባት ልጅቷ ቃሉ ተምታቶባት ይሆናል፣ የልደት ምስክር ወረቀቷ እናቷን ዝናሽ ነው የሚላት፣ እንዲህ ያለው ነገር ያጋጥማል አለች።

"አልተምታታባትም" አለች ምንዳዬ። "ልጄ ናት። አላምረው አባቴ ነው። ዝናሽ እናቴ ናት።"

ይህን ቃል በጎንደር ምድር ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ያወጣችው ደግሞ በሦስት ቀን ለምታውቃት ለጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምንዳዬ የአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት። በአሥራ አምስት ዓመቷ ዳሯት። ባሏ ወደ ሳንጃ ቆላ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ እሷም ጽንሱን ይዛ አባቷ ቤት ተመልሳ ወለላን ወለደች። የልጅ ልጅን አያት ማሳደጉ በአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ወለላም አያቷን ዝናሽን እማ፣ አላምረውን አባ እያለች አደገች፤ ምንዳዬን ደግሞ ቤቱ ውስጥ እንዳለ ታላቅ እህት እትዬ አለቻት። ይህ ብቻ ቢሆን ማንንም ባልጎዳ። እናቱን በስሟ እየጠራ ያደገ የአያት ልጅ በየቤቱ ሞልቷል።

ከዚያ የአሁኑ ባሏ አዳሙ መጣ። ከአዘዞ የተላኩት ሽማግሌዎች፣ ፈት መሆኗን ሰምተናል፣ እሱስ ግድ የለም፣ ልጅ አላት ወይ ብለው ጠየቁ፤ የአዳሙ እናት በልጅ ላይ አላጋባም ብለው ነበርና። አላምረው በራፍ ላይ የምትሯሯጠውን የአራት ዓመት ልጅ አዩና "ያቺ የኔ ናት፤ የእርጅና ልጄ" አሉ። ምንዳዬ ጓዳ ሆና ሰማች። ወጥታ አይደለም አላለችም። አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፣ አገሩ ሁሉ ለሷ ብሎ ዝም አለ፤ የማያውቁት ሙሽራውና ዘመዶቹ ብቻ ነበሩ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የምንዳዬ እያደር ከበደ። ከአዳሙ ጋር ልጅ አልሆነላቸውም። አማቷ እስኪሞቱ ድረስ መካን አገባህ እያሉ ልጃቸውን ሲነዘንዙት እሷ ወጥ እያማሰለች ትሰማለች። መካን አለመሆኗን ለማስረዳት አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ግን ያ ቃል የሷን ውሸት ብቻ ሳይሆን የአዳሙንም ጉድለት ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ዋጠችው። አዳሙ ክፉ ሰው ቢሆን በቀለላት። እሱ ግን "እግዜር ያልሰጠንን አንቺ ከየት ታመጪዋለሽ" እያለ ያጽናናታል፤ ባጽናናት ቁጥር ይብስባታል።

ከሁሉ የሚቆጫት ግን ይህ አይደለም። ወለላ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ስትመዘገብ ወላጅ አምጡ ተባለ። ዝናሽ ታማ ስለነበር ምንዳዬ ሄደች። አዳሙ በሚኒባሱ ወስዷት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ወለላ ከሩቅ አየቻት፤ ሮጣ መጥታ ክንዷን ይዛ መምህሩ ፊት አቆመቻትና "እናቴ መጣችልኝ" አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ ካወቀች ቆይታለች። መምህሩ ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ። ምንዳዬ ዞር ስትል አዳሙ ወደነሱ እየመጣ ነው።

"እህቷ ነኝ" አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ወለላ አላለቀሰችም። ክንዷን ለቀቀችና "አዎ፣ እትዬ ናት" አለች ለመምህሩ። ከዚያ ወዲህ የወለላ መታወቂያም ፓስፖርትም በዚያው ሄደ፤ አንደበቷም በዚያው ሄደ። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ነርስ ሆነች፣ ስዊድን ሄዳ ትዳር ያዘች፤ በደወለች ቁጥር እትዬ ደህና ነሽ ወይ ነው። ዝናሽ የሞተች ጊዜ እንኳ በስልክ "እናታችን ሞተች" ተባብለው ነው የተላቀሱት።

ፈህሚያ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ ወንበሯን አስጠጋች። ፊቷ ላይ የወቀሳ ምልክት አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን መስማት ሥራዋ ነው።

"እውነቱን ልንገርዎት። ወረቀቱ ሁሉ እህት ነው የሚልዎት። ልጅቷ ደብዳቤውን እህቴ ብላ ቀይራ ብትልክልኝ፣ ዛሬውኑ አስገብቼ ለአሻራ የአዲስ አበባ ቀጠሮ እይዝልዎታለሁ። ከተሳካ ለወሊዱ ይደርሳሉ። እናት ነኝ ካሉ ግን መጀመሪያ ፍርድ ቤት ነው፤ የልደት ወረቀቱ መስተካከል አለበት። ምስክር አለ፣ ቀጠሮ አለ። ልጁ ተወልዶ ጥርስ ያወጣል።"

ምንዳዬ ቤቷ የተቀመጠውን ሻንጣ አሰበች። አዳሙ ነው የገዛላት። እህትሽ በሰው አገር ብቻዋን አትውለድ ብሎ የገፋፋትም እሱ ነው፤ ብርዱ አይቻልም አሉ ብሎ ወፍራም ጃኬትም ጨምሮበታል። እሷ ደግሞ ከሻንጣው ሥር መጀመሪያ ያስገባችው የገንፎ ዱቄት ነው፤ ገብሱን ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ቆልታ አስፈጭታዋለች። ለስንቱ አራስ ገንፎ አገንፍታለች። ለገዛ ልጇ ለማገንፋት እህት የምትል አንዲት ቃል ማስጻፍ ብቻ ነው የቀራት፤ ያቺንም ቃል ከዚህ በፊት ብላታለች።

ስልኳን አውጥታ ወለላ ዘንድ ደወለች። የወረቀቱን ነገር እየተደነቃቀፈች ነገረቻት።

"መቀየሩን ዛሬ ማታ ቀይሬ እልክልሻለሁ" አለች ወለላ። "እህቴ ብሎ መጻፍ አያቅተኝም፣ እትዬ፤ ለምጄዋለሁ።"

"እንድደርስልሽ ብዬ ነው።"

"ገብቶኛል። እኔም እንድትደርሺልኝ ነው የምፈልገው። ሌሊት ሌሊት እፈራለሁ።" ትንፋሿ ይሰማል። "ብቻ አንድ ነገር። ይሄ ልጅ አድጎ፣ እሷ ማን ናት ቢለኝ፣ ምን ብዬ ልንገረው?"

ምንዳዬ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

"የፈለግሽውን ጻፊ" አለች ወለላ። "አልቀየምሽም።"

ስልኩ ተዘጋ። ያን ቀን ትምህርት ቤት ብትቆጣት፣ ብትሰድባት፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ጊዜ እንኳ ብትጮህባት አልቀየምሽም ከምትላት ይሻል ነበር። ምንዳዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ፈህሚያ ውኃ ቀዳችላትና ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች።

"ልጄ" አለች ምንዳዬ በመጨረሻ። "እናት ብለሽ ጻፊ።"

"እናቴ፣ አሁን እንዲህ ብዬ ብልከው ይመለሳል እኮ።"

"አትላኪው። ጻፊውና አስቀምጪልኝ። የወለላ የክርስትና እናት ሸዋአየሁ አምባ ጊዮርጊስ አለች፤ እኔን ያዋለደችኝም በሕይወት አለች። ምስክር አላጣም።"

"ለወሊዱ አይደርሱም።"

"አልደርስም" አለች ምንዳዬ። ዱቄቱን ለወለላ የሚያደርስ መንገደኛ ካገኘች እንድትነግራት ፈህሚያን ለመነቻት። ፈህሚያም ዝምድና በሚለው ቦታ ቃሉን ጻፈች፤ ስክሪኑን አዙራም አሳየቻት። ምንዳዬ ፊደሉን ባታነበውም ብዙ አየችው።

ታች አዳሙ ሚኒባሱን ጥግ አስይዞ ይጠብቃታል። ለዛሬ ሥራውን ትቶ ነው የመጣው። ለቪዛው ያስፈልግ ይሆናል ተብሎ የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልሎ መሪው ፊት አስቀምጦታል። ጋቢና ገብታ ከጎኑ ስትቀመጥ አነሣና ዘረጋላት።

"ይሄንንስ አልፈለገችውም? ተሞላ?"

"ትንሽ ቀርቷል።"

"ሸጋ ነው እንግዲህ፤ በጊዜው ትደርሻለሽ" አለና እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። ምንዳዬ ወረቀቱን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገች። አዘዞ እስኪደርሱ ዝም ብትል ቤት ገብተው ምሳ ይበላል፤ ምሳ ከተበላ ለነገ ይባላል፤ ነገም ሃያ አራት ዓመት እንደሚሆን ታውቀዋለች።

"አዳሙ፣ ሞተሩን አታስነሣው።"

እጁን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ዞሮ አያት። "ምነው፣ ወለላ ታመመች እንዴ?"

"ደህና ናት። እህቴ ግን አይደለችም" አለች። ከኋላ ያለው ሚኒባስ እለፉ እያለ ክላክስ ይነፋል። "ልጄ ናት።"