ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት ክዳን

ፍሪጅ ጠጋኙ ገጽ አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ክው ብሎ ቀረ። ተመልሶ አነበበው። ዓረፍተ ነገሩ የእሱ አይደለም።

ታሪኩን በእጁ የጻፈው በሁለት ደብተር ነበር። ከሚሠራበት የፍሪጅ ጥገና ቤት ማዶ ባለው ኮፒ ቤት የምትሠራው ታይፒስት ተይባ የሰጠችው ገና ዛሬ ጠዋት ነው። ታሪኩ የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ስለሚሠራ አንድ የማቀዝቀዣ መካኒክ ነው። መካኒኩ ሦስት መቶ ዓመት ልትተኛ የብርድ ሣጥን ውስጥ የገባች ሴት ይጠብቃል፤ ይወዳታልም። ሳይቀሰቅሳት፣ ሳይነግራት፣ ሣጥኗን ሲጠግን አርጅቶ ይሞታል። ጠጋኙ ይህን መጨረሻ ሲጽፍ እንባው መጥቶ ነበር።

አሁን ግን ገጽ አርባ አንድ ላይ ሴትዮዋ የሣጥኑን ክዳን ከውስጥ ገፍታ ትነሣለች። ተነሥታም፣ «ስንት ዓመት ሙሉ ነው በር ላይ ቆመህ የምታየኝ?» ትላለች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ባዶ ነው።

«ምን ሆነህ ነው ጋዙ እንዳለቀ ፍሪጅ ቀጥ ያልከው?» አለ አጎቱ፣ የመዳብ ቱቦ ከሚበይድበት ፍሪጅ ጀርባ ብቅ ብሎ።

«አጎቴ፣ ጽሑፌ ውስጥ ሰው ገባ!»

«ሌባ?»

«ሴት።»

«እሰይ! ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል?»

ያስደነገጠውማ ሌላ ነው። የሣጥኗ ሴት ሥራ ሲበዛባት የእስክሪብቶ ክዳን ትነክሳለች፤ ሳቋ ሲመጣ አፏን በክንዷ ትሸፍናለች። ፀጉሯን ቀይሮ፣ ዕድሜዋን ጨምሮ፣ ከምድር አርቆ የጻፋት ታይፒስቷን ራሷን ነው። ሌላ ኮፒ ቤት ሞልቶ ደብተሩን ለእሷ የሚሰጣት፣ በሥራ ሰበብ ቢያንስ የሚያወራት ነገር ስለሚያገኝ ነበር። እነዚያን ሁለት ጠባዮች ማውጣት ግን ረስቷል።

አውቃ ይሆን? አውቃ ከተቀየመችው ዳግም በዚያ በር አይገባም። ወረቀቱን እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ። ልቡ እንደ አሮጌ ሞተር ይንገጫገጫል።

ኮፒ ቤቱ ውስጥ አንዲት እናት ሰነድ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ታይፒስቷ የእስክሪብቶ ክዳን ነክሳለች።

«ይሄ... ይሄ የእኔ አይደለም» አለ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ።

ክዳኑን ከአፏ አወጣች። «አይደለም። የእኔ ነው።»

«ሣጥኑ እኮ አይከፈትም!»

«ይከፈታል። ዙሪያውን ማግኔት ያለው ጎማ አለው ብለህ ጽፈሃል፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ። ባለፈው የእኛን ፍሪጅ ስትሠራ ምን አልከኝ? ‹የድሮው መቀርቀሪያ ነበረው፤ ይሄኛው የሚዘጋው በማግኔት ብቻ ስለሆነ ከውስጥ ሲገፉት ይከፈታል› አላልክም?»

ብሏል። ከእሷ ጋር በአንድ ትንፋሽ ያወራው ረጅሙ ወሬ እሱ ነው። ጆሮው ጋለ። በየቀኑ የሚጠግነውን በር በገዛ ታሪኩ ውስጥ ተሳስቶበታል።

«ቆይ ግን» አለች፣ «እስካሁን አራት ታሪክ ተይቤልሃለሁ። ለምንድነው ሁልጊዜ ፍቅርን ከመንኮራኩር ጋር የምታጋባው? ምድር ላይ ፍቅር አለቀ እንዴ?»

ወለሉን አየ። «ምድር ላይ ርቀቱ ያጥራል። እኔና አንቺ መሃል ያለው ይሄ ጠረጴዛ ብቻ ነው። በዚህ ርቀት ዝም ያለ ሰው ፈሪ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ርቆ ዝም ቢል ግን ማንም አይፈርድበትም። ደግሞ... የማሽን ነገር አውቃለሁ። ስለ ማሽኑ ስጽፍ ፍቅሩ ሳላፍር አብሮ ይገባልኛል።»

ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። እሷም ደነገጠች፤ አፏን በክንዷ ሸፈነች።

«ልጄ» አሉ እናትየዋ፣ «ወይ ጨርስ ወይ ተራዬን ልቀቅልኝ።»

ታይፒስቷ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ ባዶውን ገጽ አርባ ሁለት ከፈተች። «ምን ብሎ እንደሚመልስላት ስለማላውቅ ነው ያቆምኩት። አንተ በል፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «መካኒኩም እንዲህ አላት...»

«መካኒኩን ተወው።»

ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ለራሱም በማይሰማ ድምፅ፣ የሆነ ነገር አለ።

የታይፒስቷ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቀጥ አሉ።

«ጮክ በል እንጂ» አሉ እናትየዋ ጠጋ ብለው፣ «እኔ እኮ አልሰማሁም።»