የተናኘ ሰባት ምስክርነቶች

ተናኘ ልጇ ሲጫወት አይታ አታውቅም። ይኼን ስነግራችሁ እንዳትስቁ፤ ሰባት ቅዳሜ ሙሉ እዚያው ስታዲየሙ ደጅ ቁጭ ብላ ነው ያላየችው። ሩቤንን ከቤታቸው ከቸስተርሚር በመኪና ታመጣዋለች፣ ፓርክ ታደርጋለች፣ ሂተሩን ትከፍታለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጌሙ እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ትጸልያለች። ልጁ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን የሚጫወተው የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ነው፤ ኳሷን በእጁ አቅፎ ሲሮጥ ግንድ የሚያካክል ጎረምሳ ሁሉ የሚከመርበትን። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል የሚሉት ሰፈር መጋዘን ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት ለምን አትገቢም ሲሏት፣ ማየት የኔ ሥራ አይደለም፣ የኔ ሥራ ጸሎት ነው ትላቸዋለች።

እሁድ ደግሞ ቸርች አለ። በአማርኛው ቸርቿ ከመዝሙር በኋላ የምስክርነት ሰዓት ነው፤ ጌታ በሳምንቱ ያደረገለትን መናገር የፈለገ እጁን ያወጣል፣ ማይክ ይሰጠዋል። በዚህ ሲዝን ማይኩ የተናኘ የግል ንብረት ሆነ ብል አላጋነንኩም። ልጄ ትናንትም ተጫወተ፣ ከራሱ ፀጉር አንዲቷ እንኳ አልተነካችም ትላለች፤ ጉባኤው እልልታውን ያቀልጠዋል። ፓስተር ቴዎፍሎስ ራሳቸው የዩኒቨርሲቲው ቡድን ስንት ለስንት እንዳሸነፈ መከታተል ጀምረው ነበር። ሰባት ጌም፣ ሰባት ድል፣ ሰባት ምስክርነት። ደረቷን ነፍታ ብትሄድ ማን ይፈርድባታል?

ስምንተኛው ቅዳሜ የሲዝኑ መዝጊያ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ተናኘ ጸሎቷን ገና ሳታጋምስ ሽንቷ ወጠራት፤ ቶይሌቱ ያለው ስታዲየሙ ውስጥ ነው፤ ምን ታድርግ፣ ገባች። ስትወጣ ሜዳው ፊት ለፊቷ ድቅን አለ። ልመለስ ብላ ነበር፤ እግሯ እንቢ አላት። ሩቤንን በጀርባው ቁጥር አወቀችው፤ ያንን ማልያ ስንቴ አጥባዋለች።

ኳሷን አቅፎ ሮጠ። አንዱ ከጎን ተወርውሮ ጭንቅላቱን በትከሻው ገጨው። ድምፁ እሷ ድረስ ተሰማ። ሩቤን ወደቀ፣ ተነሣ፤ ተናኘም ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች። ልጁ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ተቃራኒው ቡድን ወንበር ሄደና በማያውቃቸው ልጆች መሃል ቆመ። ከጓደኞቹ አንዱ ሮጦ በክንዱ ይዞ መለሰው፤ ምንም ሳይደነግጥ፣ የለመደውን ሥራ እንደሚሠራ ሰው። ተናኘን ክው ያደረጋት የልጇ መውደቅ አልነበረም። የጓደኛው አለመደንገጥ ነበር።

ከቸርቹ ዘማሪዎች አንዷ፣ የሩቤን እኩያ ኤልዳና፣ ጌሙን ልታይ መጥታ እዚያው አጠገቧ ቆማለች። ተናኘ ክንዷን ጨምድዳ ያዘችና ምንድነው ይኼ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ዓይኗን ሰበረች። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ አወጣችው፤ ይኼ ሦስተኛው ነው። በሦስተኛው ጌም አንዴ፣ በስድስተኛው ደግሞ ሌላ ኮንከሽን፣ አንጎልን የሚያናውጥ ምት፣ ነበረው፤ ሁለቱንም ጊዜ ለቡድኑ ሐኪም ደህና ነኝ ብሎ ዋሸ። ቤት ሲገባ መብራት አጥፍቶ የሚተኛው እናቱ እንደምታስበው ፈተና አድክሞት አልነበረም። የቸርቹ ወጣት በሙሉ ያውቃል።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አለች ተናኘ።

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ መሰከሩ" አለች ኤልዳና። "ላይክ... ሩቤን እንዴት ይንገርዎት?"

ሜዳው ዳር ሩቤን ሄልሜቱን አንሥቶ ሊመለስ ነው። ኤልዳና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዚህ ላይ አንድ ምት ቢጨመርበት ላይነሣ ይችላል አለቻት። ያን ጊዜ ተናኘ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተች ወደ አጥሩ ሮጠች። የቡድኑን ሐኪም ጠርታ፣ በምታውቃት እንግሊዝኛ ሁሉ፣ ሦስት ጣቷን እያሳየች አስረዳቻት። የሴትየዋ ፊት ተለወጠ። ሄዳ ሄልሜቱን ከሩቤን እጅ ወሰደች፣ ይኼን ልጅ አሁኑኑ ኢመርጀንሲ ውሰጂው አለቻት።

ሩቤን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

"ማሚ፣ ነገ ምን ልትያቸው ነው?" አላት።

"እውነቱን" አለችው።

ጌሙን ማን እንዳሸነፈ እንኳ አልሰማችም። ሩቤንን ከጎኗ፣ ኤልዳናን ከኋላ አስቀምጣ ወደ ኢመርጀንሲ እየነዳች፣ እነዚያ ሰባት እሁዶች አንድ በአንድ መጡባት። ሰባት ጊዜ ማይክ ጨብጣ የመሰከረችው ያላየችውን ነው። የልጇን አፍ የዘጋችው ሌላ ማንም አይደለም፣ እሷው ናት። ነገ ማይኩን ስትይዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችውን ትናገራለች። እልል የሚል አይኖርም፤ አይኑር።

ቀይ መብራት አስቆማቸው። ሩቤን በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየና ዞር አለ።

"ማሚ፣ ነገ ምን ልትያቸው ነው?"

ፊቱን አየችው። እየቀለደ አልነበረም። ከኋላ ኤልዳና አፏን በእጇ ያዘች።

"እውነቱን፣ ልጄ" አለችው።

እሺ አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሁለት ብሎክ ሳይሄዱ ያንኑ ደግሞ ጠየቃት፤ ደግማ መለሰችለት።