አይብ ያከሳው ልጅ

ጠጋ በሉ፤ መደቡ ለሁላችንም ይበቃል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አይብ ነው። አትሳቁ! አይብ ቤት ሊበትን ሲል ያየ ሰው አይስቅም።

ጣልያን ወጥቶ፣ ንጉሡ ተመልሰው፣ አገር ረጋ ካለ በኋላ ነው። ከጠዳ ከፍ ብላ ባለች መንደር ሽታዬ የምትባል ልጅ እግር ሴት፣ የሁለት ዓመት ልጇን ደሴን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በእንጨት ማንኪያ ታበላዋለች። ጣባው ውስጥ ያለው አይብ ነው፤ ተፈርፍሮ፣ በወተት ተበጥብጦ፣ እንደ ሽሮ ቀጠን ተደርጎ ለብ ያለ። አማቷ እመት አዛለች ከደጅ ገቡና ጣባውን ከእጇ መንጭቀው ወሰዱት።

"ይበቃል! ልጄን አከሳሽው!"

"ምነው እማዬ፣ ገና ሁለት ጉርሻ መብላቱ እኮ ነው።"

"እግሩን እዪው! ያ ሙልት ያለ እግር የት ገባ? ያ ጉንጭ የት ገባ? የሰው ልጅ እየበላ ሲከሳ የት አገር ነው የታየ?"

ሽታዬ የልጁን እግር በነጠላዋ ሸፈነች። እሷም አይታዋለች። ቁርጭምጭሚቱ ቀጥኗል፤ ሲያጥቡት የጎድን አጥንቱ ለእጅ ይመጣል። ሌሊት ሌሊት እየዳበሰችው "በገዛ እጄ እየገደልኩት ይሆን?" ስትል ነው የሰነበተች።

ነገሩ እንዲህ ነበር የጀመረው። ሽታዬ ሁለተኛውን ስትፀንስ ደሴን ጡት አስጣለችው። በዚያ ቤት ደግሞ የወተቱ እመቤት እመት አዛለች ነበሩ። የሚንጡት እሳቸው፣ የሚያካፍሉትም እሳቸው። ቅቤው ለገበያና ለአናት፤ አሬራው ተጥዶ የሚወጣው አይብ እርሻ ውሎ ለሚገባው ለልጃቸው ለክንዱ፤ ከአይቡ ላይ የሚጠለለው አጓት ለሕፃኑ። "አይብ የሕፃን ሆድ ያስራል" ይላሉ፤ እናታቸውም ይሉ ነበር። በክፋት እንዳይመስላችሁ። ቅቤውን ከልጁ አናት ላይ አንድም ቀን አጉድለው አያውቁም።

ታዲያ ልጁ አጓት እየጠጣ ወፈረ። ፊቱ ሞላ፣ እግሩ ሞላ። ጎረቤት ሁሉ "ይደግልሽ፣ ዓይን አይይብሽ" ይል ጀመር፤ እመት አዛለችም ኮሩ። ሽታዬ ግን ሌላም ነገር ታይ ነበር። ልጁ አይስቅም። ከተቀመጠበት አይነሣም። ጸጉሩ እንደ በቆሎ ጭራ ቀላ። ለመብላት እንኳ አፉን የሚከፍተው ተለምኖ ነው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አዝላው ጠዳ ገበያ ወረደች። እዚያ ዋኘው የሚባል ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብ መርፌ የሚወጋ የሐኪም ረዳት፣ በገበያ ቀን ከጎንደር መጥቶ ከሾላው ሥር ድንኳን ይተክላል። የልጁን እግር በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ሊጥ ላይ እንደተጫነ ጎድጉዶ ቀረ።

"እኅቴ፣ ይህ ውፍረት አይደለም፤ ውኃ ነው" አላት። "ምን ትመግቢዋለሽ?"

ነገረችው። የቤቱን አከፋፈል ሳይቀር ነገረችው።

"ቅቤ ማገዶ ነው፤ ይነዳል፣ ያሞቃል። ግን በማገዶ ግድግዳ ይመረጋል? ጭቃው ያለው አይቡ ውስጥ ነው። ሥጋና ደም የሚሆነው እሱ ነው። አጓቱማ አብዛኛው ውኃ ነው። አይቡን በወተት አቅጥነሽ፣ ጥቂት ጥቂት እያልሽ በቀን ደጋግመሽ ስጪው።"

ክንዱ ይህን ሲሰማ ድርሻውን ለልጁ ለቀቀ። እናቱ አጉረመረሙ እንጂ አልከለከሉም። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም ሊሞላ አንድ ቀን ቀረው፤ ልጁ ይወፍራል ሲባል ጭራሽ ከሳ። ጣባው የተነጠቀው ያን ጊዜ ነው።

"ነገ ይዤው ድብ ባሕር እሄዳለሁ" አሉ እመት አዛለች። "እኅቴ ቤት ቅቤ ሞልቷል። ዓይኔ እያየ ልጅ አልቀብርም!"

ክንዱ ሞፈሩን ደጅ አስደግፎ ገባ። እናቱን አየ፤ ሚስቱን አየ።

"እናቴ፣ ነገ ገበያ ነው። መጀመሪያ ድሬሰሩ ይየው። እሱ መልስ ካጣ እኔው ራሴ ማኪና ላይ አሳፍራችኋለሁ።"

"እሺ፤ እኔም አለሁ። መልሱን በጆሮዬ እሰማለሁ!"

በማግስቱ እመት አዛለች ልጁን ለማንም አልሰጡም፤ ራሳቸው አዝለው ወረዱ። ድንኳኑ በር ላይ ወረፋ የያዘውን ሰው ጥሰው ገቡና ደሴን ከጀርባቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"አያ ሐኪም፣ አንተ ልጁን አይብ አብሉት አልክ፤ አይብህ ልጁን በላው!"

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ሽታዬ መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። ዋኘው ግን አልተቆጣም። የልጁን ዓይን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ሆዱን ዳሰሰ፤ ከዚያ ቀና አለ።

"እናቴ፣ እስቲ አውራ ጣትዎን ያምጡ። እግሩን እዚህ ጋ ጫን ያድርጉት። አይፍሩ። አሁን ይልቀቁት።"

ለቀቁት። ቆዳው እንደ ነበረ ሆነ።

"እኅቴ፣ ያን ጊዜስ እንዴት ነበር?"

"ጎድጉዶ ቀርቶ ነበር" አለች ሽታዬ።

"የሄደው ውኃው ነው፣ እናቴ። ያ ሁሉ ጉንጭ ውኃ ነበር። ልጅዎ ዛሬ ገና ታየ። ሥጋው ከእንግዲህ ይመጣል።"

እመት አዛለች እግሩን ደግመው ጫን አድርገው ለቀቁት። ከዚያ ግን ቀና ብለው፣ "ታዲያ ምነው ቀድመህ አልነገርካት? ይህች ልጅ ስንት ሌሊት አለቀሰች!" አሉ።

"እውነትዎን ነው። መጀመሪያ እንደሚከሳ ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ይህን ሲባባሉ ደሴ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በአያቱ መቀነት ውስጥ የተወሸቀውን ዳቦ አይቶ ኖሮ ጎትቶ አወጣውና በሁለት እጁ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው። ሊቀሙት ሲሉ ድንኳኑን በጩኸት አናጋው። ወራት ሙሉ ጉርሻ እየተለመነ የኖረ ልጅ!

"ሌባ! ተዉት፣ ተዉት ይብላ!" አሉ እመት አዛለች፤ ሳቃቸውና እንባቸው አንድ ላይ መጣ። "ቀማኛ እንጂ በሽተኛ አይደለም ይሄ!"

ሽታዬ ለመቀመጫ ከተጋደመው ግንድ ላይ ቁጭ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ።

ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ይመኙሽ የምትባለውን ጎረቤታቸውን አገኟት። እሷም ልጇን አዝላለች። ደሴን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

"ውይ! ምን አገኘው? የኔውን እዩልኝ እስቲ፣ እንዴት ሸጋ ሆኖ እንደሞላ!"

ሽታዬ አማቷን አየቻቸው። እመት አዛለች ለወጉ ያህል "ይደግልሽ" ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። በመንደሩ ፊት በልጅ ልጃቸው ውፍረት ሲኮሩ የከረሙ ሴት ናቸውና፣ ማለፉ ይቀልላቸው ነበር። ጥቂት ተራመዱም። ከዚያ ቆሙ፤ ተመለሱ።

"ይመኙሽ፣ ልጁን አውርጂው እስቲ" አሉ። "እግሩን ልየው። እኔም ወፍሯል ብዬ ተሞኝቼ ነበር።"

መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና አውራ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረግ አደረጉ።

እናንተም ልጆቼ፣ ዝም ያለ፣ የማይስቅ፣ ግን ሙልት ያለ ሕፃን ካያችሁ፣ ይህችን የአውራ ጣት ነገር አደራ አስታውሱልኝ።