ሦስት ጊዜ የጠበበው ቬሎ

"አትተንፍሺ" አለቻት ዕድላዊት፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች።

ጽጌሬዳ ትንፋሿን ያዘች። ቬሎው ከጀርባዋ ሁለት ጣት ያህል ተሰበሰበ። ባለፈው ወር ሁለት ጣት ተሰብስቦ ነበር፤ ከዚያ በፊትም እንዲሁ። ሐምሌ ላይ የእጮኛዋ እህት ከአዲስ አበባ ስታመጣው ግን ዚፑ ወገቧ ላይ ደርሶ አልሄድ ብሎ ነበር።

"ሦስተኛ ጊዜ ማጥበቤ ነው" አለች ዕድላዊት። ልብስ ሰፊ ናት፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም የጋብቻ ኮሚቴ አባል። "ተባረኪ! ሌላዋ ሠርጓ ሲቃረብ 'እትዬ፣ ትንሽ አስፊልኝ' ብላ ትመጣለች። ያኔ ሳልጠይቃት ይገባኛል።" ሳቀች። "የምርመራ ወረቀቱስ? እሑድ ስማችሁ ይነበባል። የባርኮት ደርሶኛል። የኤችአይቪው፣ የጉበቱ፣ የእርግዝናው፣ ያንቺ ብቻ ነው የቀረው።"

"ዛሬ አመጣዋለሁ፣ እትዬ።"

ጽጌሬዳ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። የወር አበባዋ ከመጣ ሃምሳ ስድስት ቀን ሆኖታል። ከእጮኛዋ ከባርኮት ጋር እጅ ለእጅ ከመያያዝ አልፈው አያውቁም። እሱ ራቅ ብሎ ካምባ ወረዳ ያስተምራል፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል፤ ሲመጣም በሩ ክፍት በሆነ ሳሎን ከእናቷ ጋር ተቀምጠው ያወራሉ። እርጉዝ ልትሆን እንደማትችል ታውቃለች። ሆኖም ባለፈው ሳምንት ከሰፈሯ ከሴቻ የከተማው ሌላ ጫፍ ሲቀላ ድረስ ወርዳ፣ ማንም ከማያውቃት ፋርማሲ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛች። ገዝታም አልተጠቀመችበትም። ያልሆነን ነገር መመርመር ሞኝነት መሰላት። መመርመሪያውን ግን አልጣለችውም፤ እስከ ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለቻት ሲስተር ሊሻን ጸጉሯ የሸበተ፣ ከሰሜን መጥታ ሃያ ዓመት እዚህ የኖረች ነርስ ናት።

"የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር?"

"ነሐሴ አሥራ አንድ። ዛሬ ጥቅምት ሰባት ነው፤ ሃምሳ ስድስት ቀን።"

ሲስተር ሊሻን ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። "ስልሳ አንድ ነው፣ የኔ እናት። ጳጉሜንን ዘለልሻት።"

ጽጌሬዳ ደነገጠች። ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለው የሙዝ መረከቢያ ሚዛን ላይ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው፤ በኩንታል አንድ ኪሎ ስታ አታውቅም። አምስት ቀን እንዴት አመለጣት? ይህ ካመለጣት ሌላስ ምን አምልጧት ይሆን?

ሽንቷን ሰጥታ ደም ተቀዳላት። ግማሽ ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስትጠራ ሲስተር ሊሻን ወረቀቱ ላይ ማኅተም እያሳረፈች ነበር።

"ሁሉም ነጋቲቭ ነው። እርግዝናም የለም።"

ጽጌሬዳ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

"ታውቂ አልነበር እንዴ?" አለች ሲስተር ሊሻን።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ?"

"እኔ እንጃ።" ወረቀቱን አጥፋ ተነሳች።

"ወዴት ነው? ገና መች ጨረስን? ካላረገዝሽ ታዲያ ለምን ቀረ?"

ይህን ጥያቄ እስካሁን ማንም አልጠየቃትም። እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። መልሳ ተቀመጠች።

ሲስተር ሊሻን ጥያቄዎቿን አንድ በአንድ አስከተለች። መድኃኒት ትወስዳለች? መርፌ ተወግታ ታውቃለች? ራሷን ያማታል? ጸጉሯ ይነቃቀላል? ይበርዳታል? ጽጌሬዳ በአርባ ምንጭ የቀትር ፀሐይ የለበሰችውን ሹራብ አየችና "አዎ" አለች።

"ምን ትበያለሽ?"

"ከመስከረም ጀምሮ ስለ ትዳራችን ጾም ይዣለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ከዚያ ፓፓያ። እራት ከሐምሌ ጀምሮ ትቻለሁ፤ ለቬሎው ብዬ።"

"ሚዛኑ ላይ ውጪ።"

አርባ አራት ኪሎ ወጣች። ሲስተር ሊሻን የድሮ ካርዷን ገለጠች። "ዐምና ለወባ ስትመጪ ሃምሳ አራት ነበርሽ።"

"ሚዛኑ ልክ ላይሆን ይችላል" አለች ጽጌሬዳ።

"ሊሆን ይችላል።" ሲስተር ሊሻን አልተቆጣችም። "ስሚኝ። ሰውነት ምግብ ሲያጥረው አንዳንዴ ይሄን ያቆማል። ጭንቀትም ያደርገዋል። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢም ልትሆን ትችላለች፤ ሌላ የሆርሞን መዛባትም ይኖራል። ደምሽን ለተጨማሪ ምርመራ እልከዋለሁ፤ ውጤቱ በሳምንት ይደርሳል። እስከዚያ ይሄ ነው ብዬ አልምልልሽም። ብቻ ብዪ። ከዚህ በላይ እንዳትከሺ።"

"ይሄ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል?"

"የትኛው?"

"ለምን እንደቀረ።"

"ቤተ ክርስቲያንሽ እሱን አልጠየቀችም" አለች ሲስተር ሊሻን።

መረከቢያው ስትደርስ አይሱዙው ተጭኖ ሄዷል። ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ምሳ ይበላሉ። ጽጌሬዳ ሚዛኑን ዜሮ ላይ አስተካከለች፤ በሃያ ኪሎው ድንጋይ ሁለት ጊዜ ፈተነችው፤ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት።

"ጽጌ! ዛሬ ደግሞ ራስሽን ልትሸጪ ነው?" አሉ ጋሽ ዳልጮ፣ ሽማግሌው ጫኝ። ቀረብ ብለው ቁጥሩን አዩ። "አርባ አራት! ይሄማ የኔ ማሳ ሁለት ዘለላ ሙዝ ነው። ያውም አንዱ ያልበሰለ።"

ሌሎቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከቁጥሩ ላይ አልተነሳም።

"ነይ ኩርኩፋ ብዪ። የሽፈራው ቅጠል በደንብ ገብቶበታል።"

"ጾም ላይ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ስለ ምንድን ነው የምትጾሚው?"

"ስለ ትዳሬ።"

"ትዳሩስ ሴት አያስፈልገውም እንዴ?" አሉና ከበቆሎ ዱቄት የተድበለበለውን ኩርኩፋ በክዳን አድርገው አጠገቧ አስቀመጡላት። ጽጌሬዳ አንዱን አንስታ በእጇ ያዘችው። ርቧት እንደሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ ሞከረች። አላወቀችም። ቆይታ ጎረሰችው። ሁለተኛውንም ጎረሰች።

ወደ ዕድላዊት ስትሄድ መንገድ ላይ ለባርኮት ደወለች።

"የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀርቷል" አለችው፣ ሰላምታውን ሳትጨርስ።

ከወዲያ ማዶ የተማሪዎች ጩኸት ብቻ ይሰማታል።

"ምርመራው ነጋቲቭ ነው" ስትለው ትንፋሹ በስልኩ ውስጥ ተሰማት።

"ተመስገን!"

"ምን ጠብቀህ ነበር፣ ባርኮት?"

"ምንም። ኧረ ምንም፣ ጽጌ! እኔ አንቺን... ብቻ በድንገት ስትዪው..."

ልትቆጣው አሰበች። ክሊኒኩ ውስጥ ያወጣችው ትንፋሽ ትዝ አላትና ተወችው። "ታምሜ ሊሆን ይችላል" አለችው።

"ምን አለሽ?"

"ገና አላወቁም።"

"ቅዳሜ እመጣለሁ" አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ክሊኒክ አብረን እንሄዳለን።"

ዕድላዊት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብባ ወደ መሳቢያው ከተተችው። "ጌታ ይባረክ! እንዲህ ነው ልጅ!" ቬሎው የስፌት መኪናው ላይ ተዘርግቷል። ስፒሎቹ እንደተሰኩ ናቸው፤ ሦስተኛው ስፌት አልተጀመረም። ሌሎች ሁለት ደንበኞች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ከጽጌሬዳ ጋር ቤተ ክርስቲያን የምትዘምር ናት።

"እትዬ፣ ስፒሎቹን ንቀዪልኝ" አለች ጽጌሬዳ።

"ለምን? አመመሽ እንዴ?"

"የበፊቱንም ፍቺው። ሐምሌ እንደመጣው ይሁንልኝ። ከዚያም ትንሽ ብታሰፊው ጥሩ ነው።"

የዕድላዊት እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። አግዳሚው ላይ ወሬው ተቋረጠ።

"ሠርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው?" አለች ዕድላዊት በሹክሹክታ፣ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ። "ሰው ምን ይላል፣ ልጄ?"

ጽጌሬዳ አብራት ወደምትዘምረው ልጅ ዞር አለች። ልጅቷ ዓይኗን ሰበረች።

"ወረቀቱ መሳቢያሽ ውስጥ ነው" አለች ጽጌሬዳ ድምፅዋን ሳትቀንስ። የሜትሩን ገመድ ከመኪናው ላይ አንስታ ለዕድላዊት አቀበለቻትና ሹራቧን አውልቃ እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች። "ለኪኝ። ትንፋሼን አልይዝም።"