የአባቴ ቆርቆሮ

እና ጥንድ ጥንድ ነው፣ ቀዳዳው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ማን ነው ሁለት ምስማር ጎን ለጎን የሚመታ፣ አባቴ ብቻ፣ አንዱ ቢላቀቅ አንዱ ይይዘዋል ይል ነበር፣ ገራዶ፣ ቤታችን ላይ፣ ሃያ አራት ቆርቆሮ፣ አሁን ደሴ ላይ፣ የሰው ጣሪያ ላይ ተንበርክኬ ጣቴን በአባቴ ቀዳዳ እከታለሁ፣ ሬንጅ ለቅልቀውበታል፣ ሬንጁ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። ለዚህ ነው የሚያፈሰው።

ወንድም፣ ይጠገናል ወይስ ይቀየር? ከታች ጓድ አብዱልወሀብ ነው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሽቅብ ያየኛል። ወንድም አለኝ። አላወቀኝም። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ቢያውቀኝና ቢፈራኝ ምናለ፣ ያኔ የገራዶ ገበሬ ማኅበር ሹም ነበር፣ አባቴን፣ እንድሪስ ፊውዳል ነው፣ ቆርቆሮው ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይወረሳል ብሎ ጠመንጃ አስከትሎ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ምን ፊውዳል፣ ሁለት በሬና አንድ በቅሎ ያለው ፊውዳል! ጽሕፈት ቤቱ እስከ ዛሬ አልተሠራም። እኛ ክረምቱን በላስቲክ ሥር ገፋነው፣ አባቴ መስከረምን አላየም፣ ሳንባው ነው አሉ። ሳንባው አይደለም፣ ዝናቡ ነው።

ትንሽ ይቆዩ ጓድ፣ እንጨቱን ልየው። አንዱን ቆርቆሮ ገለጥ አደርጋለሁ፣ ጣሪያውን የተሸከመውን ወራጅ በመዶሻው እጀታ ነካ ሳደርገው እንደ ዳቦ ይገባል፣ ምስጥ ጨርሶታል፣ ሐምሌን አይሻገርም። ይኼን የምናውቀው እኔና ምስጡ ነን። ይጠገናል ልበለው፣ አንድ ባልዲ ሬንጅ፣ የሁለት ቀን ሥራ፣ ከዚያ ገራዶ ቁጭ ብሎ ነጎድጓድ ማዳመጥ ነው፣ ይኼኔ ተናደበት፣ ይኼኔ እያሉ። ደስ ይላል። ወላሂ ደስ ይላል። አፌ ላይ ደርሷል፣ ይጠ...

አንተ፣ የእንድሪስ ልጅ አይደለህም? በገለጥኩት በኩል አሮጊት ያዩኛል፣ አልጋ ላይ፣ ልክ ከወራጁ ሥር፣ እናቱ እማማ ሸሪፋ፣ መነሳት የማይችሉት። ቁርጥ አባትህን፣ የኔ ዐይን፣ አላህ ይዘንለት። ልጃቸው የረሳኝን እሳቸው አወቁኝ። ምነው ባላወቁኝ! የሱ አልጋ በወዲያኛው ክፍል ነው፣ ስገባ አይቼዋለሁ፣ ወራጁ እሱን ትቶ እሳቸውን ነው የሚወስደው፣ ከዚያ ድንኳን ይጣላል፣ አገሩ ሁሉ አይዞህ ሊለው ይመጣል። አይዞህ እንዲሉት አልፈልግም።

ቆይ። ቆይ እስቲ። እውነቱን ብነግረውስ? እውነቱ ጣሪያው ዛሬውኑ ይነሳ ነው፣ በሰኔ፣ ቆርቆሮ በወረፋ በሚገኝበት አገር፣ ወረፋው እስከ መስቀል፣ ሊቀ መንበሩ ክረምቱን በላስቲክ ሥር፣ ቀበሌው ሁሉ እያየው። እንደኛ። ለካ ውሸት አያስፈልገኝም።

ይቀየር ጓድ! እጮኻለሁ፣ ጎረቤት ይስማ፣ እንጨቱም ቆርቆሮውም፣ አንድ አይተርፍም፣ እናትዎ ላይ ይወድቃል፣ ዛሬውኑ ያውጧቸው!

ፊቱ አመድ ይመስላል፣ በደንብ አየዋለሁ። ምን አልክ? ክረምት ደርሶ? እናቴን የት ላድርጋት?

አብሽሩ ጓድ፣ እኛ ቤት ይምጡ፣ ገራዶ፣ እናቴ ዘሀራ ታስተኛቸዋለች፣ የሚያውቁት ቤት ነው፣ የእንድሪስ ቤት፣ ቆርቆሮውን ከወሰዱብን ወዲህ ሣር ክዳን ነው፣ አያፈስም።

ጣሪያውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ እንደገና ጣሪያውን። አሁን አወቀኝ።