ባላገርኛ

እውነቱ ግንበኛ ነበር፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ይሰብክ ነበር። ሳምንቱን ሱሉልታ ውስጥ ብሎኬት ሲደረድር ይውላል። ቤቱ ቡራዩ ስለሆነ ገና ሳይነጋጋ ተነስቶ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ደግሞ በሱሉልታ ሚኒባስ ተጋፍቶ ሥራው ቦታ ሲደርስ የቀኑ ጉልበት እኩሌታው መንገድ ላይ አልቋል። ሚስቱ ብርሃነሽ ሰበታ አንድ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ እሷ ስትገባ እሱ ተኝቷል። በደንብ የሚተያዩት እሁድ ነው፤ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ቤተ ክርስቲያኑ በቆርቆሮ የተሠራ አዳራሽ ነው። የሚመጡት አብዛኞቹ ከሀድያ፣ ከከምባታና ከወላይታ ለፋብሪካና ለግንባታ ሥራ የወጡ ሰዎች ናቸው። እውነቱ ሲሰብክ አይጮህም፤ መድረክ ላይ ወዲህና ወዲያ አይልም። ለቤት አሠሪ ግድግዳው ለምን መፍረስ እንዳለበት እንደሚያስረዳ ሰው ነው የሚያወራው። “ከታች የተንጋደደ ግድግዳ በልስን አይቃናም” ይልና ትንሽ ዝም ይላል። ሰዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ፎርማን ሲጮህባቸው ስለሚከርሙ ያን ዝምታውን ይወዱለት ነበር።

አንድ እሁድ አዶናይ የሚባል ወጣት ካሜራ ይዞ መጣ። ቤተሰቦቹ ከመሀል አዲስ አበባ ወጥተው ቡራዩ ቤት ከሠሩ ብዙም አልቆዩም፤ እሱ ከተማ ውስጥ ቪዲዮ እየቆረጠ የሚያድር ልጅ ነው። ስብከቱን ቀረጸና አሳጥሮ ስልክ ላይ ለቀቀው። ከላዩም “ባላገርኛ ስብከት” ብሎ ጻፈበት። በሳምንቱ እውነቱ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት የሱን ድምፅ ስትሰማ አገኛት። ሴትየዋ ስልኩን አየች፣ እሱን አየች፣ ደግማ ስልኩን አየች።

ቃሉ ግን ቅር አለው። እውነቱ የሆሳዕና ከተማ ልጅ ነው። አባቱ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፉ ነው ያደገው። በሬ ጠምዶ አያውቅም፤ እንሰት ተክሎም አያውቅም። ይህንኑ ለአዶናይ ነገረው።

“ጋሽ እውነቱ፣ ስድብ መሰለህ እንዴ?” አለው አዶናይ። “ባላገርኛ ማለት እኮ ያልተቀባባ ማለት ነው። ሰው የተቀባባ ነገር ሰልችቶታል። አንተ ደግሞ ቤትህ እንደምታወራው ነው የምታወራው።”

እውነቱ ነገሩን ለአከራያቸው ለኦቦ ሌንጂሳ አነሳባቸው። ኦቦ ሌንጂሳ የዚያ አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን እርሻቸው ላይ ፎቅ ቆሞበታል፤ እሳቸውም የኪራይ ቤቶቹን በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰምተውት ሲያበቁ፣ ባላገር ማለት ድሮ አገር ያለው፣ መሬት ያለው ሰው ማለት እንደነበረ፣ ኋላ ግን ከተሜው ያልገባው ሰው ሁሉ መጠሪያ እንዳደረገው ነገሩት። “አሁን ደግሞ ሙገሳ ሆነ ነው የምትለኝ? መሬቱ ሲያልቅ ቃሉ ተወደደ በለኛ” አሉ ሳይስቁ። ወዲያው ስለ ውሃ ቧንቧው አነሱበት።

ጥሪ መጣ። መጀመሪያ ከሰበታ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ ትልቅ አዳራሽ። እዚያ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ መብራቱ ዓይኑን ሲወጋው ምላሱ ተሳሰረና ስለ አንዲት ሴት ሲያወራ “መጣች” በማለት ፈንታ “መጣ” አለ። አዳራሹ ሳቀ። የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ የፍቅር ሳቅ ነበር፣ ሞቅ ያለ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ቢሆንም እንዲህ ያለ ስህተት ከተወ ዘመናት አልፈዋል። ሲወርድ ግን አዶናይ ክንዱን ይዞ፣ “ያቺን ነገር እንዳትተዋት” አለው።

አልተዋትም። በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ጨመራት። የአዳራሹ አዘጋጆች ኮቱን እንዲተውና ጋቢ እንዲደርብ ነገሩት፤ ደረበ። የግንብና የልስን ምሳሌ እንዲያስቀር፣ የከብትና የእርሻ እንዲያመጣም ለመኑት። የእርሻ ምሳሌ ከየት ይምጣ? ከሀሰኖ መጣ።

ሀሰኖ ሱሉልታ አብሮት የሚሠራ ግንበኛ ነው፤ ከሆሳዕና ራቅ ካለ ገጠር የመጣ፣ ሳቂታ፣ ወሬው የማያልቅ። ቱምቢውን አንጠልጥሎ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን እያየ ስለ እናቱ፣ ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው ያወራል። እውነቱም እየሰማ ይሠራል። እሁድ የሀሰኖን ወሬ ይሰብካል።

ከሁሉ በላይ ስሙን ያስጠራው የላሟ ስብከት ነው። የሀሰኖ እናት አንዲት ላም ነበረቻቸው። በክረምት ላሟ ገደል ገባች። ሰው ገመድ ፍለጋ ሲበተን እናትየዋ በዝናብ ጭቃውን ተንሸራትተው ወረዱና ሰው እስኪደርስ ከላሟ ጋር ቆሙ። ላሟም ተረፈች። ነገሩ ይኸው ነው። እውነቱ ግን መድረክ ላይ “እናቴ” አለ። “የጓደኛዬ እናት” ሲለው አንደበቱ ላይ ቀዘቀዘበት፤ “እናቴ” ሲለው አዳራሹ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ከዚያ በእናትየዋ አፍ ተናገረ፦ “አንተ ላም፣ አይዞህ በል! እኔ መጣሁ፣ እግዜርም መጣ!” ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት፣ “እግዚአብሔርም ገደል ድረስ ወርዶ አብሮን ይቆማል” ሲል ያው ሰው አለቀሰ።

ሀሰኖ ቪዲዮውን አይቶ አልተቆጣም። እናታችን አንድ ሆነች ማለት ነው ብሎ ቀለደበት፤ ሥራውንም ቀጠለ። ብርሃነሽ ግን አንድ እሁድ ማታ ጫማዋን እያወለቀች ተናገረችው።

“ቤት ውስጥ እንደዚህ አትናገርም።”

“እንዴት?”

“ሴቱን ወንድ አታደርግም። ዛሬ ግን እኔን ‘ና’ አልከኝ። ከፈረቃ ደክሞኝ ስመጣ የማን ቤት እንደገባሁ አላውቅም።”

እሷም መልሱን ሳትጠብቅ ተኛች።

ከዚያ ሀሰኖ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉ። እናቱ ከሀገር ቤት መጥተው ሆስፒታል አስታመሙት። እውነቱ ሥራ፣ መንገድ፣ ጥሪ ሲደራረብበት እንደነገሩ ብቅ እያለ ይጠይቀው ነበር፤ በሄደ ቁጥር ሀሰኖ ከስቶ ያገኘዋል፤ በሄደ ቁጥር እናትየዋ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። በደንብ ቁጭ ብዬ አጫውተዋለሁ እያለ ሳለ ሀሰኖ ሞተ።

አስከሬኑ ወደ ሆሳዕና ከመሄዱ በፊት ቡራዩ፣ ሀሰኖ ተከራይቶበት በነበረው ግቢ ድንኳን ተጣለ። ሰው ሞላ። ከሱሉልታ የሥራ ባልደረቦቹ አቧራቸውን ሳያራግፉ መጡ። የማያውቁትም ብዙ ነበሩ፤ እውነቱ ይናገራል ሲባል ሰምተው የመጡም አልጠፉም። ሽማግሌዎቹ ጓደኛው እሱ ነውና ይናገር አሉ።

ተነሳ። ከእንቅልፍ ከተጣላ ሰንብቷል። ሀሰኖ ጥሩ ግንበኛ እንደነበረ፣ ሰው የማያስቀይም እንደነበረ ተናገረ። እስከዚያ ደህና ነበር። ከዚያ ፊቱን ወደ እናትየዋ አዞረና፣

“ይሄ እናት ልጁን አጣ” አለ።

አስቦ አላለውም። ምላሱ መንገዱን ለምዶ ስለነበር በራሱ ሄደበት። ከኋላ ወጣቶቹ ዘንድ አንድ ሳቅ አመለጠ፤ ሌላው አፉን በእጁ ያዘ፤ አንዱ ስልኩን ከፍ አደረገ። ስብከቱ ሊጀምር ነው ብለው ነው። እናትየዋ የሳቁትን ልጆች አዩ፤ ቀጥሎ እውነቱን አዩት። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ምን እንደተሳቀ ሊገባቸው የሚሞክሩ ይመስላሉ።

እውነቱ ቆመ። ድንኳኑ ጸጥ እስኪል ጠበቀ፤ ቶሎ ጸጥ አላለም።

“ይቺ እናት ልጇን አጣች” አለ በመጨረሻ። “የላሟን ወሬ የሰማችሁት ሁሉ፣ ወሬው የሀሰኖ ነው። ገደል የወረዱት እናት እኚህ ናቸው። የኔ እናት ላም ኖሯት አያውቅም። ሌላ የምለው የለኝም።”

ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ጸለዩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ኪሱ ውስጥ መልሶ ከተተው።

መኪናው እስኪመጣ እውነቱ ሄዶ እናትየዋ እግር ሥር በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። በሀድይኛ ነበር ያወሩት። በዚያ ቋንቋ እውነቱ ሰባኪም፣ ባላገርም አልነበረም፤ የልብስ ሰፊው ልጅ ነበር።

ልጃቸው ሆስፒታል ሳለ ቪዲዮውን እንዳሳያቸው ነገሩት። “እማ፣ ይሄ አንቺ ነሽ” ብሏቸው ነበር። እሱ እየሳቀ፣ ሳቁ ጎኑን እያመመው ደጋግሞ አይቶታል።

“ተቀይመውኛል?” አላቸው።

“እሱ ስለሳቀ ዝም አልኩ። ሳይስቅ ሰንብቶ ነበር።” ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ። “ግን ላሟን እንደዚያ አላልኳትም።”

“ምን ነበር ያሏት?”

“ምንም። ምን እላታለሁ? ገደሉን ስወርድ ጉልበቴ አለቀ። መመለስም አቃተኝ። እሷ ሙቀት ነበራት፤ ተደግፌያት ቆምኩ። ሰው ሲደርስ እኔንም በገመድ ነው ያወጡኝ።”

እውነቱ አንገቱን ደፋ። ይህን ሀሰኖ አልነገረውም፤ ወይም ነግሮት እሱ አልሰማም። እናትየዋ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ፤ ለመነሳት ይሁን ለማጽናናት እውነቱ ሊለየው አልቻለም። መኪናው መጣ። ደግፎ አስነሳቸው፣ ደረጃውን አወጣቸው። ሬሳውን ከባልደረቦቹ ጋር ተሸክሞ ጫነ። መኪናው ሞልቶ ስለነበር እሱ ቀረ፤ ድንኳኑን ሲያፈርሱ አብሮ ገመድ ፈታ።

በማግስቱ አዶናይን አገኘውና የላሟን ስብከት እንዲያጠፋው ጠየቀው። አዶናይ አልተከራከረም፤ እዚያው ፊቱ አጠፋው። ይሁን እንጂ ሌሎች ወስደው እንደበተኑት፣ እነሱን ማስቆም እንደማይችል ነገረው።

“ቃሉን የለጠፍኩብህ እኔ ነኝ” አለው አዶናይ። እውነትም አዝኖ ነበር።

“አንተ ለጠፍከው፤ እኔ ለበስኩት” አለው እውነቱ።

ትልቁ አዳራሽ አስቀድሞ ይዞት የነበረ ቀጠሮ ስለነበረ አንድ ጊዜ ሄደ። ጋቢውን ትቶ በኮቱ ሄደ። ስለ ትዕግሥት፣ በዝግታ፣ እንደ ድሮው አወራ። ሰው ሳቁን ይዞ ጠበቀ፤ ሳቁ የሚወጣበት ቦታ ሳያገኝ ስብከቱ አለቀ። አዘጋጆቹ በትህትና አመስግነው ሸኙት፤ ከዚያ ወዲያ አልደወሉም።

የቆርቆሮው አዳራሽ ግን እንደነበረ ይቆየኛል ብሎ አስቦ ነበር። አልቆየውም። አንድ እሁድ ስብከት መሀል አንድ ዓረፍተ ነገር ጀመረና አቆመው። ድሮ እንዲህ ይል ነበር ወይስ አዶናይ ከመጣ በኋላ የለመደው ነው? መለየት አቃተው። ሰው ጠበቀው። ያ ዝምታ ድሮ የሚወዱለት ዝምታ አልነበረም። ጸሎት አድርጎ ወረደ። ሽማግሌዎቹም ሳያስቀይሙት ተራውን ለሌሎች እያከፋፈሉ እሱ እንዲያርፍ አደረጉ። ሲነግሩት የገረመው፣ ቅር ይለኛል ሲል ልቡ ቅልል ማለቱ ነበር።

ሱሉልታ ላይ በሀሰኖ ቦታ ሌላ ሰው ተቀጠረ፤ ዝምተኛ ነው፤ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ “አቀብለኝ” እና “ያዝ” ተባብለው ይውላሉ። ሚኒባስ ውስጥ አንዳንዴ የሚያውቁት ሰዎች ዓይን ያበዙበታል። አንዱ ደፍሮ ባላገሩ ነህ አይደል ብሎ ሲጠይቀው፣ አይ፣ የቡራዩ ሰው ነኝ ብሎ መለሰለት፤ ጠያቂውም አምኖት ወደ መስኮቱ ዞረ።

በቅርቡ አንድ እሁድ ብርሃነሽ ፈረቃ አልነበራትም። ከኋላ ወንበር አብረው ተቀመጡ። ሰባኪው ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የወጣ ወጣት ነበር፤ ይጮሃል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ማይክሮፎኑም ይጮህበታል። ሲያልቅ ወጥተው ጭቃውን እየዘለሉ ወደ ቤት አመሩ።

“ስብከቱ እንዴት ነበር?” አለችው።

“ጥሩ ነበር” አላት። ጥቂት እንደሄዱ፣ “ትንሽ ረዘመ” አለ።

ብርሃነሽ ፈገግ አለች። ፋብሪካው በሚቀጥለው ሳምንት ፈረቃዋን ሊቀይር እንደሆነ፣ ምናልባት ማታ ማታ ቤት ልትገኝ እንደምትችል ነገረችው። እሱም መቼ እንደሚጀምር ጠየቃት። ገና አልታወቀም አለችው፤ ወደ ግቢው ታጠፉ።